ትንሿ የሙዚቃ ሳጥን፦ በኬብል አንደኛ፣ በዋይፋይ ግን እንደ ግድግዳችሁ

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። ይህቺ ሳጥን በላን ኬብል (ከራውተሩ ጋር በሚያገናኛት የኔትወርክ ገመድ) ስትሠራ ለዋጋዋ እንከን አይወጣላትም። በዋይፋይ ብቻ ልትጠቀሙባት ካሰባችሁ ግን ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ቤታችሁ በምን እንደተሠራ እዩ።

ዕቃዋ ስትሪመር የሚሏት ናት። መዳፍ ላይ የምታርፍ ጥቁር ሳጥን። ሥራዋ ሙዚቃን ከቤት ኔትወርክ ተቀብላ ለአምፕሊፋየር መስጠት ነው፤ የኢንተርኔት ሬዲዮ ይሁን፣ ስልክ ላይ ያለ ዘፈን ይሁን፣ ላፕቶፕ ውስጥ የተከማቸ ፋይል ይሁን ግድ የላትም። ከኋላዋ የላን ኬብል መሰኪያ፣ ኦፕቲካል መውጫ (ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፈው)፣ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለች ትንሽ ቀዳዳና የኃይል መግቢያ አላት። አለቀ። ስክሪን የላትም፣ ሁሉም ነገር የሚታዘዘው በስልክ አፕ ነው። እኛ ቤት ደብረ ብርሃን ከአባቴ የወረስነው አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር ስላለ፣ አዲስ ዕቃ ከመግዛት ለድሮው ነፍስ መዝራት ይሻላል ብዬ ነው ያመጣኋት። ስሟን የማልጠራው የማማርርባት ነገር ስላለ ነው፤ ደግሞም ብዙዎቹ በአሠራር ስለሚቀራረቡ እዚህ የምለው ለሌላውም ይሆናል።

ድምፅዋ? ጥሩ ነው። እኔ ዕቃ የምፈትነው በበገና ነው። ከጅማቱ ሥር የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ የምታመጣው ያ የሚርገበገብ ዝቅ ያለ ድምፅ በደካማ ዕቃ ላይ ሲሰማ ዝም ብሎ ጉርምርምታ ይሆናል። በዚህች ላይ ጅማት ከጅማት ይለያል። በዚያ ላይ በገና ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ለቅጽበት እንኳ ቢቋረጥ ወዲያው ይታወቃችኋል። ሞቅ ያለ ጭፈራ ላይ ትንሽ መቆራረጥ ሊያመልጥ ይችላል፣ በሁዳዴ ማታ በገና ላይ ግን አያመልጥም። (በነገራችን ላይ ክፍላችሁ ባዶና ሲሚንቶ ከሆነ፣ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የመንዝ ባና ስቀሉ። የብዙ ሺህ ብር ዕቃ የማያመጣውን ለውጥ ታያላችሁ።)

እንግዲህ ወደ ጣጣው። እኛ ቤት ራውተሩ ያለው መስመሩ በሚገባበት ሳሎን ነው፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በግቢው ጓሮ በኩል ባለው ክፍል። መሃል ላይ የድሮ የድንጋይ ግድግዳ አለ፣ ከዚያ ቀጥሎ በቆርቆሮ የተከፈለ መተላለፊያ። ሳጥኗ ስትከፈት ዋይፋዩን አገኘች፣ ፓስወርድ ተቀበለች፣ መጫወት ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ዝም። ከዚያ ደግሞ ቀጠለች። ከዚያ አፑ ላይ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ይህ ጽሑፍ የሳጥኗ ትልቁ ነውር ነው፣ ምክንያቱም ውሸት ነው። ኢንተርኔቱ አለ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ሳጥኗ መድረስ ያቃታት ራውተሩ ጋ ነው። ግን ሰው ጽሑፉን ሲያይ መስመሩን ይረግማል፣ ይደውላል፣ ከዚያም ፓኬጅ ያሳድጋል። እባካችሁ ለሙዚቃ ብላችሁ ፓኬጅ አታሳድጉ። ጥሩ ጥራት ያለው ኤምፒ3 የሚፈልገው በሰከንድ 320 ኪሎቢት ነው። ምንም ያልታመቀ የሲዲ ድምፅ እንኳ 1,411 ኪሎቢት፣ ማለትም አንድ ሜጋቢት ተኩል አይሞላም። የ4 ሜጋ መስመር ያለው ሰው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው መስመሩን ካልጨረሰው በስተቀር፣ ለሙዚቃ ይተርፈዋል። ሙዚቃ የሚፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ያለማቋረጥ መምጣት ነው።

ታዲያ ችግሩ ከውጭ መስመር ይሁን ከቤት እንዴት ይለያል? ቀላል ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለ ዘፈን በሳጥኗ አጫውቱ፣ ከዚያ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት መስመር ከራውተሩ ንቀሉት። ራውተሩን አታጥፉት፣ መስመሩን ብቻ። ሙዚቃው አሁንም ከተቆራረጠ ኢንተርኔት ምንም አላጠፋም፣ ጉዱ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራውተሩና በሳጥኗ መካከል። ያለ ችግር ከተጫወተና የኢንተርኔት ሬዲዮ ብቻ ከተቆራረጠ ደግሞ ወደ መስመሩ ሂዱ። ይህን አንድ ነገር ሳያደርጉ ራውተር የሚቀይሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ሌላው ፒንግ ነው፣ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ማየት። ላፕቶፑን ሳጥኗ ያለችበት ቦታ አስቀምጡና በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ራውተሩን ፒንግ አድርጉት፣ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። በኬብል መልሱ አንድ ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመጣል። በደህና ዋይፋይ ጥቂት ሚሊሰከንድ። አንዴ 3፣ አንዴ 400፣ አንዴ ጭራሽ መልስ የለም ካለ ግን መልሱን አግኝታችኋል። እኛ ጓሮ ክፍል ያየሁት ይህንኑ ነው።

ምክንያቱ ደግሞ ሚስጥር አይደለም። ቆርቆሮ ብረት ነው፣ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል። ወፍራም ድንጋይ፣ በተለይ ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ፣ ሞገዱን ይውጣል። ብዙዎቹ አዳዲስ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፦ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ያሸንፈዋል፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ቀርፋፋ ቢሆንም የተሻለ ዘልቆ ይሄዳል። ለሙዚቃ ቀርፋፋው ይበቃል ብያለሁ። ስለዚህ በራውተሩ ሴቲንግ ሁለቱን በተለያየ ስም አውጧቸውና ሳጥኗን 2.4 ላይ አስሯት። ከዚያ ቻናሉን (ዋይፋዩ በዚያ ሞገድ ውስጥ የሚይዘውን መስመር) «አውቶ» ከሚለው አንስታችሁ 1፣ 6 ወይም 11 አድርጉት፣ እርስ በርስ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ጎረቤት ሁሉ 6 ላይ ከተከመረ እናንተ 1 ወይም 11 ውሰዱ። የራውተሩን ቦታ መቀየርም ይረዳል፤ ቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ብረት ቁም ሳጥን ላይ የተሸጎጠ ራውተር ስንት ቤት አለ መሰላችሁ። እኛ ቤት ይህ ሁሉ ነገሩን አሻሻለው እንጂ አልፈታውም። ቀን ደህና ውሎ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ዋይፋይ ላይ ሲሰፍር መቆራረጡ ይመለሳል። እዚህ ላይ የሳጥኗም ድካም አለ፣ ከአንድ ቦታ ስልኬ ሲግናል ሲይዝ እሷ ትጥላለች። አንቴናዋ ውስጧ የተቀበረ ትንሽ ነገር ነው።

ሪፒተር፣ ዋይፋዩን ተቀብሎ ወደፊት የሚያስተላልፈውን ዕቃ፣ ግዛ ያሉኝ ነበሩ። ርካሹ ሪፒተር በአንድ ሬዲዮ ስለሚሰማና ስለሚያወራ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፤ ለሙዚቃ ሊበቃ ይችላል፣ ግን ሌላ የሚበላሽ ዕቃ፣ ሌላ ሶኬት፣ ሌላ ፓስወርድ ነው። በመብራት ገመድ ኔትወርክ የሚያስተላልፉትም አሉ። በአሮጌ የመብራት ዝርጋታ ላይ ውጤታቸው የሎተሪ ያህል ነው፣ ኤክስቴንሽን ወይም ስታቢላይዘር ላይ ከሰካችኋቸውማ እርሱት።

ስለዚህ ኬብል። በኮርኒሱ ውስጥ ከሳሎን እስከ ጓሮ ክፍል ዘረጋን። የላን ኬብል ደንቡ እስከ 100 ሜትር ነው፣ የትኛው መኖሪያ ቤት ነው ይህን የሚያልፈው! ግን ኬብል ሲባል ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ገበያ ላይ አሉሚኒየሙ ላይ መዳብ የተቀባ ርካሽ ኬብል ሞልቷል። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው። ለአጭር ርቀት ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይሰበራል፣ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ መሰበሩን የምታውቁት ደግሞ ሁሉም ከተዘጋጋ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ትንሽ ታሪክ አለው። ኬብሉን የዘረጋልን ወጣት ፒኑን (የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ) አስሮ ሲጨርስ ሳጥኗ አንዴ ትገናኛለች፣ አንዴ ትጠፋለች። ሙዚቃው ከዋይፋዩም ባሰ። ልጁ ቴስተሩን አወጣና ስምንቱም መብራት በተራ በራ።

«ጋሼ፣ ይኸው ያዩታል፣ ገመዱ አንድ ነገር የለውም። ዕቃው ነው የተበላሸው።»

«የቀለሙን ቅደም ተከተል እንዴት ነው ያሰርከው?»

«ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ይሠራል፣ ሁሌም እንደዚህ ነው የማስረው።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት ለጌጥ አይደለም፤ ጥምዝምዙ ነው ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ የሚያጠፋው። አንድ ምልክት የሚጓዘው በአንድ ጥንድ ነው። ከጥንዱ አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከሌላ ጥንድ ወስዳችሁ ብታስሩ፣ ሁለቱ ጫፎች እስከተመሳሰሉ ድረስ ቴስተሩ ያበራል፣ ምክንያቱም እሱ የሚያየው ሽቦው ከጫፍ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው። ምልክቱ ግን ተለያይተው በተጠማዘዙ ሽቦዎች ሲሄድ እየተረበሸ ይደርሳል። በሁለት ሜትር ላይ አይታወቅም። ኮርኒስ ለኮርኒስ ሲረዝም ይታወቃል። የተለመደው ቅደም ተከተል ይህ ነው፣ የፒኑ ማቆሚያ ምላስ ወደታች ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ብርቱካንማ ነጭ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ነጭ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሃል አድርጎ 3ኛና 6ኛ ላይ መሰንጠቁን አስተውሉ፣ የሚዘነጋው ያቺ ናት። ሳጥኗ የምትሠራው በ100 ሜጋቢት ስለሆነ የምትጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ነው፤ ልጁ ያስተካከለውም እነሱን ነው። ለነገሩ ቅር ሳይለው ሁለቱንም ጫፍ ቆርጦ እንደገና አሰረው፣ ተጨማሪ ብርም አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ። በገናው ከጫፍ ጫፍ ሳይቆራረጥ አለቀ። የላፕቶፑ ፍላክ ፋይሎች (ጥራታቸው ሳይቀነስ የታመቁት)፣ የኢንተርኔት ሬዲዮው፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ሄደ። ዋይፋይ ላይ ያበላሸችውን ሁሉ ኬብል ላይ ካሰችው።

ግን ኬብል ሁሉን አይፈታም። እኛ ቤት ሁለት ራውተር አለ፣ አንዱ የመስመሩ፣ ሌላው ለጓሮ ክፍሎች በኋላ የተጨመረ። ስልኬ ከሁለተኛው ዋይፋይ ጋር ሲሆን አፑ ሳጥኗን ጨርሶ አያገኛትም። ሙዚቃው እየተጫወተ «ምንም ዕቃ አልተገኘም» ይላል። ምክንያቱ አፑ ሳጥኗን የሚፈልጋት ኔትወርኩ ውስጥ ላሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ በመጣራት ነው፣ ይህ ጥሪ ደግሞ ከአንዱ ራውተር ወደ ሌላው አይሻገርም። የስልኩን አድራሻ ብታዩ 192.168.8 ብሎ ይጀምራል፣ የሳጥኗ 192.168.1። የተለያየ ግቢ ናቸው ማለት ነው። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» ወደሚለው አሠራር መቀየር ነው፣ ያኔ የራሱን ግቢ ትቶ የመጀመሪያውን ኔትወርክ ብቻ ያስተላልፋል። ያ ከሌለው ለዕቃዎች አድራሻ ማደሉን አጥፉበት፣ የራሱንም አድራሻ ከመጀመሪያው ጋር እንዳይጋጭ ቀይሩለት፣ ከዚያ ኬብሉን «ዋን» ከሚለው (የውጭ መስመር ከሚገባበት ቀዳዳ) ነቅላችሁ ከላን ቀዳዳዎቹ በአንዱ ሰኩት። ስልካችሁ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነም ያው ነው፣ እንግዳ ከቤቱ ዕቃ ጋር እንዳይነጋገር ሆን ተብሎ የተለየ ነው።

መብራት ደግሞ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳጥኗ ከራውተሩ ቀድማ ትነሳለች፣ አድራሻ ትጠይቃለች፣ ራውተሩ ገና እያዛጋ ስለሆነ መልስ የለም። ከዚያ ለራሷ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ትሰጥና ትቀመጣለች። ይህን ቁጥር ካያችሁ ትርጉሙ «አድራሻ የሚሰጠኝ አጣሁ» ነው። ሻል ያለ ዕቃ ቆይቶ ራሱ እንደገና ይጠይቃል፣ ይህቺ ግን ነቅለህ ካልሰካሃት በቃ። ይህን አምራቹ በቀላሉ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው፣ ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ትንሽ ጉድለት አይደለም። እኔ ለራውተሩ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) አደረግሁለትና ተገላገልኩ፤ ራውተር የሚበላው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ትልቁን አይፈልግም። በዚያው በራውተሩ ሴቲንግ ለሳጥኗ ቋሚ አድራሻ መመደብም አይከፋም።

የኃይል ነገር ከተነሳ፣ ሳጥኗ የራሷ ቻርጀር አብሯት አይመጣም። 5 ቮልት ነው የምትፈልገው፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የድሮ ስልክ ቻርጀር ከሰጣችኋት ኃይል ሲያንሳት ራሷን ሪስታርት ታደርጋለች፣ እናንተ ኔትወርክ ስትፈትሹ ትውላላችሁ። ደህና ቻርጀር ስጧት። ከስፒከሩ የማያቋርጥ «ኧ» የሚል ድምፅ ካለም ኔትወርኩን ተዉት፣ እሱ የመብራትና የኦዲዮ ገመዱ ጉዳይ ነው። ኔትወርክ ሲበላሽ ድምፅ ይቋረጣል እንጂ አያጉረመርምም። ኦፕቲካል መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር ካላችሁ በዚያ ሞክሩት፣ ብርሃን ስለሆነ ረብሻውን አያሻግርም።

ኬብል ከቤት ወደ ሌላ ቤት በውጭ በኩል አየር ላይ ዘርግታችሁ ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት። መብረቅ የግድ እላዩ ላይ መውደቅ የለበትም፣ አጠገቡ ቢወድቅም ራውተሩንም ሳጥኗንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሸዋ ሮቢት አክስቴ ቤትም ወስጄ ሞክሬያታለሁ። እዚያ መስመር የለም፣ ያለው የእሷ ስልክ ነው፣ ሆትስፖት ከፈትንላት። አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ያለ ምንም ችግር ተጫወተች፣ አክስቴም ወደደቻት። ከዚያ ስልኳን ይዛ ለቡና ጎረቤት ሄደች፣ ሙዚቃው ቤት ውስጥ ላሉት ዝም አለ። ስትመለስ ስነግራት «ውይ ልጄ፣ ታዲያ እኔ በወጣሁ ቁጥር ተከትሎኝ የሚወጣ ከሆነ ሬዲዮኔ ምን በደለኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስልክ ብቻ ላለው ቤት ብሉቱዝ ያለው ስፒከር ይበቃል፣ ይህቺ አትጠቅመውም።

ያገለገለ ዕቃ ለምትፈልጉ አንድ ቃል። የጉግል ክሮምካስት ኦዲዮ፣ እሱም ትንሽ ስትሪመር ነው፣ አሁንም እዚህም እዚያም ሲሸጥ ይታያል። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን ምርቱ በ2019 ቆሟል፣ በመጋቢት 2025 እንደ ፈረንጆቹም የውስጥ ሰርተፍኬቱ (ትክክለኛ ዕቃ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል መታወቂያ) ጊዜው አልፎ በዓለም ዙሪያ ሥራ አቁሞ ነበር። ተስተካክሎለታል፣ ሆኖም ዋጋው በጣም ካልወረደ እኔ አልገዛውም። ላን መሰኪያም በራሱ ላይ የለውም።

የእኔዋን ሞዴል በተመለከተ ሁለት ዓይነት ነው የሚሸጠው፣ ካርቶኑ አንድ ይመስላል። አንዱ ላን መሰኪያ አለው፣ ሌላው የለውም፣ ያለው ትንሽ ይወደዳል። ሻጩ «ዛሬ ማን በገመድ ይጠቀማል፣ ሁሉም ዋይፋይ ሆኗል» ሊላችሁ ይችላል። ካርቶኑን አስከፍታችሁ ኋላዋን እዩ፤ አራት ማዕዘኗ ቀዳዳ ከሌለች አትውሰዱ። የዋጋ ልዩነቱ በኋላ ለሪፒተር ከምታወጡት ያንሳል።